የካራኮረም አውራ ጎዳና

የካራኮረም አውራ ጎዳና ፓኪስታንን ከቻይና ጋር የሚያገናኝ፣ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የተራራ መንገድ ነው። ከእስላማባድ በስተ ምዕራብ ከምትገኘው ከሐሰን አብዳል ከተማ ተነስቶ የኢንዱስን፣ የጊልጊትንና የሁንዛን ወንዞች እየተከተለ ወደ ሰሜን ይወጣል። ድንበሩን በኩንጀራብ በር ተሻግሮ በቻይና የሺንጂያንግ ግዛት ካሽጋር ከተማ ላይ ያበቃል። ከጠቅላላው ርዝመት 887 ኪሎ ሜትሩ በፓኪስታን፣ 413 ኪሎ ሜትሩ በቻይና በኩል ይገኛል። በፓኪስታን ኤን-35፣ በቻይና ጂ-314 በሚል መለያ ይታወቃል። ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነት መንገድ ይሉታል።

የኩንጀራብ በር ከባህር ጠለል በላይ 4,693 ሜትር ከፍታ አለው። ይህም ከራስ ዳሽን ጫፍ ይበልጣል ማለት ነው። በዓለም ላይ አስፋልት ከለበሱ ዓለም አቀፍ የድንበር መሻገሪያዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። መንገዱን በመኪናም ሆነ በአውቶቡስ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው ከርቀቱ ይልቅ በከፍታው፣ በወቅቱና በድንበሩ ሕግ ዙሪያ ማቀድ አለበት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልክዓ ምድር

መንገዱ የሚያልፍበት አካባቢ የሕንድ የመሬት ንጣፍ ከዩራሺያ ንጣፍ ጋር የተጋጨበትና እስከ ዛሬም የሚጋፋበት ነው። ተራሮቹ አሁንም እየተነሱ ነው፤ ወንዞቹም በዚያው ልክ እየቆረጧቸው ይወርዳሉ። ሸለቆዎቹ ጠባብና ጥልቅ፣ ቁልቁለቶቹም ያልረጉ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ናዳ በዚህ መንገድ ላይ የሚጠበቅ እንጂ ድንገተኛ ነገር አይደለም።

ከጊልጊት በስተ ደቡብ በጃግሎት አቅራቢያ የጊልጊት ወንዝ ከኢንዱስ ጋር ይቀላቀላል። ሂማላያ፣ ካራኮረምና ሂንዱ ኩሽ የተባሉት ሦስቱ ታላላቅ የተራራ ሰንሰለቶች የሚገናኙትም እዚያው ነው። በመንገዱ ዳር ይህን የሚገልጽ ሰሌዳ ቆሟል። ናንጋ ፓርባት (8,126 ሜትር፣ በዓለም ዘጠነኛው ከፍተኛ ተራራ) ከኢንዱስ ሸለቆ ይታያል፤ ራካፖሺ (7,788 ሜትር) ደግሞ ከጊልጊት ወደ ሁንዛ ሲኬድ ከመንገዱ ጠርዝ ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ ይታያል። ኬ2 ግን ከዚህ መንገድ አይታይም። ብዙ ተጓዥ የሚታይ ይመስለዋል፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከጃግሎት አካባቢ ተገንጥሎ ወደ ስካርዱ የሚሄደው ነው።

ታሪክ

አስፋልቱ ከመዘርጋቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በእነዚህ ሸለቆዎች ነጋዴዎችና መነኮሳት ይተላለፉ ነበር። ፋሺያን የተባለው ቻይናዊ የቡድሃ መነኩሴ ወደ ሕንድ ሲጓዝ በ400 አካባቢ የኢንዱስን ገደሎች አቋርጧል። በቺላስና በአካባቢው ባሉ ቋጥኞች ላይ ተጓዦችና የአካባቢው ሰዎች የቀረጿቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎችና ጽሑፎች አሉ። የዱር ፍየል አዳኞች፣ የቡድሃ ምስሎች፣ የነጋዴዎች ስሞች ይገኙባቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በዲያመር ባሻ ግድብ ውኃ ሥር የሚውሉ ስለሆነ ለማየት የሚፈልግ ሰው ባይዘገይ ይመረጣል።

ቻይናና ፓኪስታን የድንበር ስምምነት የፈረሙት በ1963 ነው። ሕንድ ይህን ስምምነት አትቀበልም፤ ጊልጊት ባልቲስታን የተባለው መንገዱ የሚያልፍበት ክልል የካሽሚር ውዝግብ አካል ነውና። ፓኪስታን ለግንባታው የጦር ኃይሏ አካል የሆነ የሥራ ድርጅት በ1966 አቋቋመች፤ ቻይናም መሐንዲሶችና ሠራተኞች ላከች። ሥራው በ1979 አልቆ በ1986 ለውጭ አገር ጎብኚዎች ተከፈተ።

በግንባታው 810 ያህል ፓኪስታናውያንና 200 ያህል ቻይናውያን ሞተዋል። አብዛኞቹን የገደላቸው ናዳና ከገደል መውደቅ ነው። የሟቾቹ ቁጥር በፓኪስታን በኩል ካለው መንገድ የኪሎ ሜትር ብዛት ይበልጣል። ከጊልጊት ማዶ በዳንዮር የሚገኘው የቻይናውያን መካነ መቃብር በጥድ ዛፎች የተከበበ ጸጥ ያለ ቦታ ሲሆን፣ ብዙ ተጓዦች ሳያዩት ያልፋሉ። ግማሽ ሰዓት ቢሰጡት የመንገዱን ትርጉም ከየትኛውም ሰሌዳ በተሻለ ያስረዳል።

የአታባድ ናዳ

በጃንዋሪ 4 ቀን 2010 በሁንዛ የአታባድ መንደር ላይ ተራራው ተንዶ 20 ሰዎችን ገደለ። ናዳው የሁንዛን ወንዝ ሙሉ በሙሉ ደፈነው። ውኃው ከኋላው ለወራት እየተጠራቀመ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሐይቅ ፈጠረ፤ በላይኛው ሸለቆ ያሉ መንደሮችን፣ የፍራፍሬ ማሳዎችንና የአውራ ጎዳናውን ረጅም ክፍል ዋጠ። ሺዎች ተፈናቀሉ።

ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያህል ከቻይና የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በሐይቁ ዳር ከጭነት መኪና ወርዶ በእንጨት ጀልባ ይሻገርና በሌላ መኪና ይጫን ነበር። መኪኖች ራሳቸው በጀልባ ላይ በተጋደሙ ሳንቃዎች ላይ ቆመው ይሻገሩ ነበር። በሴፕቴምበር 2015 አምስት መሿለኪያዎችን ያካተተ 24 ኪሎ ሜትር አዲስ መንገድ ተከፍቶ ግንኙነቱ ተመለሰ። መሿለኪያዎቹ በድምሩ 7 ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ። ዛሬ ሐይቁ ሰማያዊ ውኃውን ለማየት በሚመጡ የአገር ውስጥ ጎብኚዎችና በሞተር ጀልባዎች የተሞላ ነው። ቤታቸው ከሥሩ የቀረ ሰዎች በዚያው ዳርቻ ሻይ ይሸጣሉ።

የጉዞው ክፍሎች

ከእስላማባድ እስከ ጊልጊት ያለው ክፍል አድካሚው ነው። እስከ ታኮት ድረስ አዲሱ የሐዛራ ፈጣን መንገድ ስላለ ቀላል ነው። ከታኮት በኋላ በኮሂስታን በኩል እስከ ራይኮት ድልድይ ያለው ግን ጠባብ፣ በግድብ ግንባታ የተጨናነቀና በየቦታው የተበላሸ ነው። ሁለተኛው አማራጭ በካጋን ሸለቆ በናራን በኩል ወጥቶ በባቡሳር በር (4,173 ሜትር) ወደ ቺላስ መውረድ ነው። ይህኛው አጭርና እጅግ ውብ ነው፤ ነገር ግን በረዶው ቀልጦ የሚከፈተው ከሰኔ አካባቢ እስከ ጥቅምት ብቻ ነው። በአንድ ቀን ጊልጊት ደረስን የሚሉ አሉ። ሁለት ቀን መድቦ በናራን ወይም በቺላስ ማደር የበለጠ አስተዋይነት ነው፤ ሌሊት የሚነዳ ሰው ናዳው ያወረደውን ድንጋይ የሚያየው ጎማው ሥር ከደረሰ በኋላ ነው።

በራይኮት ድልድይ ላይ ወደ ናንጋ ፓርባት ሰሜናዊ ፊት የሚወስድ የጂፕ መንገድ ይገነጠላል። በዚያ መንገድ የሚነዱት የአካባቢው ሾፌሮች ብቻ ናቸው፤ መንገዱን ላየ ሰው ሕጉ ለምን እንደወጣ ግልጽ ነው።

ከራይኮት እስከ ኩንጀራብ ያለው 335 ኪሎ ሜትር በቻይና ተቋራጮች የታደሰ ሲሆን ጥሩ አስፋልት አለው። ከጊልጊት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሁንዛ ዋና መንደር ካሪማባድ ይገኛል። ሁንዛ እስከ 1974 የራሱ ገዥ የነበረው ትንሽ ግዛት ነበር። የገዥዎቹ መኖሪያ የነበረው የባልቲት ምሽግ ታድሶ በ1996 ሙዚየም ሆኗል፤ ዝቅ ብሎ ያለው የአልቲት ምሽግ ደግሞ ከእሱ ይቀድማል። የሕዝቡ ቋንቋ ቡሩሻስኪ ከየትኛውም የታወቀ ቋንቋ ጋር ዝምድናው አልተረጋገጠም። ትንሽ ከፍ ሲባል፣ በጎጃል፣ ሰው ዋኺ ይናገራል። ዋኺ ደግሞ ከፋርስኛ ጋር የሚዛመድ ነው። በአብዛኛው እስማኢሊ ሙስሊም የሆነው ይህ ማኅበረሰብ በአፕሪኮት ዛፎቹ ይታወቃል፤ ፍሬው በጣሪያ ላይ ይደርቃል፣ ከፍሬው ውስጥ ካለው ዘር ዘይት ይወጣል። በመንገድ ላይ ከሚገኙ ምግቦች ቻፕሹሮ የሚባለው፣ በቂጣ መካከል ሥጋና ሽንኩርት ተደርጎ የሚጋገረው፣ ሳይቀመስ መታለፍ የለበትም።

ከጉልሚት በኋላ የፓሱ ሾጣጣ ጫፎች ይመጣሉ። በፎቶግራፍ ደጋግሞ ያያቸው ሰው እንኳ ሲደርስ መኪናውን ያቆማል። የባቱራ የበረዶ ግግር እዚሁ አካባቢ ወደ መንገዱ ይጠጋል። ርዝመቱ 57 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዋልታዎቹ ውጭ ካሉት ረጃጅሞች አንዱ ነው፤ የታችኛው ጫፉ በአፈርና በድንጋይ ስለተሸፈነ ከሩቅ በረዶ አይመስልም። ቀጥሎ የምትገኘው ሱስት የፓኪስታን ጉምሩክና የኢሚግሬሽን ጽሕፈት ቤት ያለባት የድንበር ከተማ ናት። (ስሟ ሶስት ተብሎም ይጻፋል፤ ከቁጥሩ ጋር ግን አይገናኝም።)

ከሱስት እስከ ኩንጀራብ ጫፍ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በ1975 በተቋቋመው የኩንጀራብ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያልፋል። ፓርኩ የበረዶ ነብርና በጠመዝማዛ ቀንዱ የሚታወቀው የማርኮ ፖሎ በግ የሚኖሩበት ነው። የበረዶ ነብር ለማየት ተስፋ ማድረግ አይገባም፤ የዱር ፍየሎች ግን በቋጥኙ ላይ ይታያሉ። በጫፉ ላይ የድንበሩ ትልቅ በር፣ እንዲሁም በዓለም ከፍተኛው እንደሆነ የተመዘገበ የባንክ ኤቲኤም አለ።

ከድንበሩ ማዶ መልክዓ ምድሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። በፓኪስታን በኩል ያለው ገደልና ጥልቅ ሸለቆ ቀርቶ ሰፊ፣ ሜዳማ፣ ነፋሻ የፓሚር ግጦሽ ይከፈታል። ታሽኩርጋን የታጂኮች ከተማ ናት፤ ስሟ በቱርክ ቋንቋዎች የድንጋይ ምሽግ ማለት ሲሆን ምሽጉ ከከተማው ዳር ፈርሶ ይታያል። ወደ ካሽጋር ሲኬድ በ3,600 ሜትር ላይ የካራኩል ሐይቅ፣ ከጀርባውም ሙዝታግ አታ (7,546 ሜትር) እና ኮንጉር (7,649 ሜትር) ይገኛሉ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ የደረሰ ሰው ተራሮቹን በውኃው ውስጥ ያያል። ከዚያ በኋላ መንገዱ በጌዝ ሸለቆ ወርዶ በረሃውን ይቀላቀላል።

ወቅት

የኩንጀራብ በር በተለምዶ ከኅዳር የመጨረሻ ሳምንት እስከ መጋቢት የመጨረሻ ሳምንት በበረዶ ምክንያት ለመንገደኞች ይዘጋ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብርዱ ወቅትም ለንግድ ክፍት እንዲሆን ተደርጓል፤ ቢሆንም ለጉብኝት በዚያ ጊዜ መሄድ ብዙም ጥቅም የለውም። ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ፦ በውጭ መጻሕፍት ስለዚህ መንገድ የሚነገረው «ክረምት» የኛ የበጋ ወራት ነው።

የአፕሪኮት አበባ በሁንዛ የሚያምረው በመጋቢት ማብቂያና በሚያዝያ መግቢያ ነው፤ ያኔ ግን ከፍተኛዎቹ በሮች ገና አልተከፈቱም። ድንበሩን ለመሻገር ግንቦትና ሰኔ፣ ወይም መስከረምና ጥቅምት ይመረጣሉ። በሐምሌና በነሐሴ የሞንሱን ዝናብ የታችኛውን ክፍል ይመታል፤ ሙቀቱም የበረዶ ግግሩን ስለሚያቀልጥ ወንዞች ይሞላሉ። በሜይ 7 ቀን 2022 ከሺሽፐር የበረዶ ግግር ሥር ተጠራቅሞ የነበረ ውኃ ሰብሮ ወጥቶ በሐሰናባድ ያለውን የአውራ ጎዳናውን ድልድይ ጠርጎ ወስዷል። ይህ የሆነው በዝናብ ሳይሆን ከወትሮው በበለጠ ሙቀት ነው። ስለዚህ ሰማዩ ጠርቶ መታየቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በዕቅዱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ትርፍ ቀናት መያዝ ያስፈልጋል።

የጥቅምት ቀለም፣ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫና ቀይ ሲሆን፣ ከሁሉም ይበልጣል። የኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንት ግን የቻይና ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ድንበሩ ሊዘጋ ይችላል። በቅዳሜና እሁድም መሻገር አይታሰብም ብሎ ማቀድ ይሻላል።

ከፍታ

ጊልጊት 1,500 ሜትር፣ ካሪማባድ 2,500 ሜትር፣ ሱስት 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከሱስት ተነስቶ ወደ ጫፉ የሚሄድ ሰው በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ 1,900 ሜትር ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር የተለመዱ ናቸው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በ2,300 ሜትር ላይ ስለሚኖር በሁንዛ ችግር ላይገጥመው ይችላል። ከ4,000 ሜትር በላይ ግን ይህ ልማድ ብዙም አያስመካም። በካሪማባድና በፓሱ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ማደር፣ ጫፉ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ አለመቆየት፣ አለመሮጥ ይመከራል። የተጓዡ ንግግር ከተደናገረ ወይም አካሄዱ ከተንገዳገደ ሕክምናው አንድ ነው፤ ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ።

ድንበሩና መኪናው

ዕቅድ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የሁለቱም አገሮች ቪዛ አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ቻይና በኩንጀራብ ላይ ቪዛ አትሰጥም። የፓኪስታን ቪዛ በኢንተርኔት ይጠየቃል።

የራስን መኪና ይዞ መሻገር ይቻላል፤ ነገር ግን በቻይና በኩል በተፈቀደለት አስጎብኚ ድርጅት አማካይነት ከወራት በፊት ፈቃድ ማውጣት፣ ጊዜያዊ ሰሌዳና ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ መውሰድ፣ እንዲሁም አስጎብኚ አብሮ እንዲጓዝ ማድረግ ግዴታ ነው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ በቻይና ተቀባይነት የለውም። ወጪው ለአንድ መኪና ከባድ ስለሆነ ተጓዦች ብዙ ጊዜ በቡድን ይካፈሉታል። ቀላሉ መንገድ የኪራይ መኪናውን በፓኪስታን ትቶ ከሱስት ወደ ታሽኩርጋን በሚሄደው የድንበር አውቶቡስ መሻገር ነው። በድንበሩ መካከል በእግር ወይም በብስክሌት ማለፍ አይፈቀድም። የቻይና ፍተሻ ጥብቅ ነው፤ ሻንጣ ብቻ ሳይሆን ስልክም ሊታይ ይችላል።

በፓኪስታን በግራ፣ በቻይና በቀኝ ይነዳል። ኢትዮጵያዊ ሾፌር ለቻይናው ክፍል የለመደውን ይዞ ይሄዳል፤ በፓኪስታን ግን በተለይ ከእረፍት በኋላ ጠዋት ላይ ሲነሳ መጠንቀቅ አለበት። ሰዓቱም በድንበሩ ላይ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት ወደፊት ይዘላል፤ ቻይና በመላ አገሯ የቤይጂንግን ሰዓት ትጠቀማለችና። በዚያ ላይ የሺንጂያንግ ነዋሪዎች እርስ በርስ ከቤይጂንግ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነ የአካባቢ ሰዓት ስለሚጠቀሙ፣ ቀጠሮ ሲያዝ «በየትኛው ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደኅንነት

ሁንዛ በሰላማዊነቱ የታወቀ ነው። የኮሂስታን ክፍል ግን የተለየ ነው፤ በጁላይ 2021 በዳሱ አቅራቢያ፣ በማርች 2024 ደግሞ በቤሻም በግድብ ሥራ ላይ የነበሩ ቻይናውያንን በያዙ መኪኖች ላይ በተፈጸሙ ጥቃቶች ሰዎች ሞተዋል። በዚህ ክፍል ፖሊስ የውጭ አገር ተጓዦችን ሊያጅብ ይችላል። በየኬላው ስም፣ የፓስፖርትና የቪዛ ቁጥር ስለሚመዘገብ የፓስፖርትን ቅጂ አሥራ አምስትና ሃያ አድርጎ መያዝ ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

ስልክና ካርታ

በጊልጊት ባልቲስታን የሌላው ፓኪስታን የስልክ ኩባንያዎች መስመር በብዙ ቦታ ደካማ ነው፤ የክልሉን ኤስኮም ሲም ካርድ በጊልጊት መግዛት ይሻላል። በቻይና ደግሞ የጉግል አገልግሎቶች ስለማይሠሩ ካርታ ድንበር ከመሻገር በፊት ስልክ ላይ መጫን አለበት።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ቴክኒካዊ ጉዳይ አለ። የቻይና ሕግ በአገሪቱ የሚታተሙ ካርታዎች ጂሲጄ-02 በተባለ፣ ሆን ተብሎ በተዛባ የመጋጠሚያ ሥርዓት እንዲሠሩ ያዛል። የጂፒኤስ ሳተላይት የሚሰጠው ቦታ በዚህ ካርታ ላይ ሳይስተካከል ሲቀመጥ ከመቶ እስከ ብዙ መቶ ሜትሮች ፈቀቅ ብሎ ይታያል። መኪናው መንገድ ላይ ሆኖ ስልኩ ሐይቅ ውስጥ ነው ቢል ስልኩ አልተበላሸም። እንደ ኦፕንስትሪትማፕ ያሉ በዓለም አቀፉ ሥርዓት የተሠሩ ካርታዎች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራሉ። የቻይና ካርታ መተግበሪያዎችም ማስተካከያውን ራሳቸው ስለሚያደርጉ በትክክል ያሳያሉ። ችግሩ የሚመጣው ከአንዱ ሥርዓት የተገለበጠ የቦታ ቁጥር በሌላው ውስጥ ሲገባ ነው፤ ስለዚህ የማደሪያና የነዳጅ ማደያ ቦታዎችን ከቁጥር ይልቅ በስማቸውና በመንገዱ ዳር ባሉት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች መመዝገብ ይመረጣል።